ብረቱ ራቁቱን ሳለ

በሽኝቴ ቀን የሰው ኃይል ኃላፊው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም ስትቀባ የኖረች እናታችን» ብሎ አስጨበጨበልኝ። ቀለም ስትቀባ! ቀለምማ ጎረቤቴም ለዘመን መለወጫ የግቢዋን በር ትቀባለች። እኔ የኖርኩት ዝገት ስገፍፍና ከአየር ጋር ስሽቀዳደም ነው። ይኼን እዚያው ተነስቼ ልነግረው ነበር። ግን ለሽኝቱ ብዬ ያሰፋሁት ነጭ ቀሚስ ከደረቱ እስከ ጫፉ ቀይ ፕራይመር ተረጭቶበት ስለነበር፣ በዚያ ላይ ጠብ ብጨምር ሴትዮዋ ለየላት ይባላል ብዬ ተውኩት። ቀሚሱ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ልጄ በምን በምን አላጠበችውም! ያየ ሁሉ ምን ነክቶሽ ነው ይለኛል። ነገሩ የቀሚስ አይደለም፣ የአንድ ሰው ስም ነው። የነካኝን ልንገራችሁ።

ዘነበች እባላለሁ፤ የሥራ ሰው እትዬ ዘነቡ ይለኛል። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አዳማ ነው፣ ገና ናዝሬት ስትባል። ድርጅታችን የውሃ ታንከር፣ ቧንቧ፣ የግድብ በር፣ የነዳጅ ቦቴ ይሠራል። የገባሁት በጽዳት ነው። በግቢው ጥግ ብረት በአሸዋ የሚገፈፍበት ቦታ ነበር። ኮምፕረሰሩ አሸዋውን በጎማ እየነፋ ብረቱ ላይ ይተኩሰዋል፤ ዝገቱም፣ አሮጌው ቀለምም፣ ቅባቱም ተገፍፎ ብረቱ እንደ ዓሣ ሆድ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የእኔ ሥራ የወደቀውን አሸዋ መጥረግ ነበር። ደመወዙን አታንሱብኝ፤ ጡረታውም ቢሆን ለሽንኩርት እንጂ ለሥጋ አይደርስም።

የዚያ ቦታ ካፖ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ጋሽ ደበሌ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ የሚውል ሰው። በመጀመሪያው ቀን መጥረጊያዬን ይዤ ስገባ ጮኸብኝ፤ አቧራው የጸዳውን ቧንቧ ያበላሻል አለ። በማግስቱ ብልጥ ነኝ ብዬ መሬቱን ውሃ ረጭቼ ልጠርግ ስል የባሰ ጮኸ፤ ራቁቱን ያለ ብረት አጠገብ ውሃ! መቼ ልጥረግ ታዲያ ብዬ እኔም ጮህኩበት። ከተቀባ በኋላ አለኝ። ይኼን ትናንት ብትነግረኝ ምን ነበረበት ስለው ሻርፑን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ መጥረጊያውን አስጥሎ የአሸዋውን ጎማ አስያዘኝ። ሴት ልጅ ይኼን ትችላለች ወይ ላሉት፣ መልስ መስጠትስ ትችላለች አላቸው።

ጋሽ ደበሌ ጠባዩ ለብቻው ነበር። ብረት ከተገፈፈ በኋላ የመጀመሪያው ቀለም፣ ፕራይመሩ ማለት ነው፣ እስኪያርፍበት ድረስ ምሳ የለም። በእጅ መንካት የለም፤ የእጅ ላብ ጨው አለው። ከመግፈፋችን በፊት እርጥብ ጨርቅ ብረቱ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ያደርግና ቆሞ ያየዋል። እርጥበቱ ቶሎ ከደረቀ ሥራ ይጀመራል፤ ከዘገየ ብረቱ ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዟል፣ ጤዛ ሊያወጣ ነው ማለት ነው፣ ያን ቀን ኮምፕረሰር አይነሳም። አለቃ ቢጮህ፣ የበላይ አካል ቢደውል፣ አይነሳም።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሰላምታ አይመልስም ነበር። እንደምታውቁት በእኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። በኦሮምኛው አካም ቡልቴ ተብሎ ልጅ፣ ከብት፣ ጎረቤት ሁሉ ሳይጠየቅ አይለቀቅም፤ በአማርኛውም ያው ነው። ጋሽ ደበሌ ብረቱ ራቁቱን ሳለ ማንም ይምጣ ማን ራሱን እንኳ አይነቀንቅም። ቄስ ይሁን ሼህ፣ ሥራ አስኪያጅ ይሁን፣ እያየው እንዳላየ ያልፈዋል። የመጨረሻው ጥግ ተቀብቶ ሲያልቅ ሻርፑን አውርዶ፣ እጁን በጋዝ ታጥቦ፣ እንግዳውን ካለበት ፈልጎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉውን ሰላምታ ያወርድለታል። የሚያውቁት ይስቁ ነበር። የማያውቁት ግን ጥጋበኛ ነው ይሉታል፤ ይኼው ነገር በኋላ ጎዳው።

ለምን እንዲህ እንደሚቸኩል በደንብ የገባኝ ኢንጂነር ዮናስ የሚባል የጥራት ባለሙያ ሥልጠና በሰጠን ጊዜ ነው። ብረት ውስጡ ያለው ቅንጣት ሁሉ በዙሪያው ጎረቤት አለው፤ ተያይዟል አለን። ላይኛው ግን በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም፣ እጁን ዘርግቶ ነው ያለው፤ በአየር ውስጥ ያለፈውን ሁሉ ይጨብጣል። ኦክስጅን ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚዞረው፤ የጸዳ ብረት ሲያገኝ ለሁለት ይሰነጠቅና እያንዳንዱ ከብረቱ ጋር ይያያዛል። አቧራ ቢሆን ይጠረጋል፤ ይኼ አይጠረግም። እሱን ማንም አይቀድመውም፣ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ቦታውን ይዟል፤ ደግነቱ ስስ ነው፣ ለብቻው ብዙ አይጎዳም። እናንተ የምትሽቀዳደሙት ከኋላው ከሚመጣው ከውሃው እንፋሎትና ከጨው ጋር ነው። እነሱ ከገቡ ዝገት ይጀምራል፤ በዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ብረቱን አልያዘም፣ ዝገቱን ነው የያዘው።

ጋሽ ደበሌ ይኼን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ እንግዳም እንደዚሁ ነው አለ። ቁጭ ብሎ የሚሄድ እንግዳ አለ፤ ገብቶ የሚዋለድ አለ፤ የተዋለደውን ውጣ ብትለው አይወጣም። ኢንጂነሩ ሳቀና ልክ ነህ አለው። በዚያ ሥልጠና የኋለኛው ሥራ አስኪያጅ፣ ያኔ የክፍል ኃላፊ የነበረው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ይኼን ያዙልኝ።

በዚህ ዓይነት ስምጥ ሸለቆውን አዳረስነው። ቆቃ የግድብ በር ገፈፍን፤ ከሐይቁ በሚነሳው እርጥበት ምክንያት ረፋድ ላይ ጀምረን ፀሐይ ሳይበርድ የምንጨርስበት ሥራ ነበር። ሞጆ ቦቴዎች፣ መቂ የመስኖ ቧንቧ፣ ባቱ፣ ያኔ ዝዋይ የምንለው፣ የፓምፕ ጣቢያ። አለቆች መጡ ሄዱ። አንዱ ጥሩ ማስክ አስመጣልን፤ ተተኪው ውድ ነው ብሎ ጨርቅ እሰሩ አለን። ያንን የአሸዋ ብናኝ ስንት ዓመት በጨርቅ ማግነው! ጋሽ ደበሌ ዛሬ ሲያስል የሚሰማው ድምፅ የዚያ ጨርቅ ነው። እግዜር ይይላቸው።

ከሞጆ ወደ መቂ መንገድ ላይ ባለችው ዓለም ጤና ከተማ የመጠጥ ውሃ ታንከር ሊሠራ ነው ሲባል ጋሽ ደበሌ እንዲህ የተደሰተበትን ጊዜ አላስታውስም። ሚስቱ ጫልቱ የዚያ ልጅ ናት። ወንድሟ ኦቦ ገመቹ ሽንኩርት አምራች፣ በከተማው የተከበረ ሽማግሌ ነው። የአማቶቼ ውሃ ነው ይላል ጋሽ ደበሌ፤ አሸዋውን ራሱ እያፈሰ፣ በእጁ እያሸ መረጠ። ታንከሩ በክሬን ወደ ማማው ከመውጣቱ በፊት መሬት ላይ እያለ ውስጡን ገፈፍነው። ማለዳ የጨርቋ እርጥበት ቶሎ ደርቆ ነበር። ከእኩለ ቀን በፊት ጨረስን፤ ውስጡ ያበራል። ፕራይመሩ ተበጥብጦ፣ መርጫው በእጁ ሆኖ ሳለ ሥራ አስኪያጁ መጣ። አንቱ ልለው የሚገባ ሰው ነበር፤ አልለውም።

እንግዶች ከላይ ስለሚመጡ ሥራው እንዳለ ይቆይ አለ። የተቀባ ብረት ለካሜራ ምን ያሳያል፣ እንዲህ ሲያበራ ይዩት አለ። ጋሽ ደበሌ የዚያን ዕለት ሻርፑን ያወረደው ብረቱ ሳይቀባ ነው፤ ያን አይቼ ፈራሁ።

«ብረቱ እንግዳ አይጠብቅም» አለው።

«ትንሽ ሰዓት ምን ያመጣል?»

«አንተም ሥልጠናው ላይ ነበርክ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና ለእንግዶቹ ወደተተከለው ድንኳን ሄደ። ሳያውቅ ቢሆን ይቅር እለው ነበር እኮ! አላዋቂ ሳሚ ይባላል ያልፋል። ይኼ ግን ያውቃል፤ እያወቀ ነው።

እንግዶቹ ባቱ ዓሣ ሲበሉ ዘገዩ። ከሰዓት በኋላ ከቆቃ ሐይቅ በኩል ነፋስ ተነሳ፤ ደመና መጣ፤ አየሩ እጅ ላይ ይጣበቅ ጀመር። ሲደርሱ በጫማቸው ታንከሩ ውስጥ ገቡ። አንደኛው መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ፎቶ ተነሳ። እንደ መስታወት ነው እኮ እያሉ ተደነቁ። የከተማው ሽማግሌዎችም ተጠርተው ነበርና ኦቦ ገመቹ ጋሽ ደበሌን አይቶ አካም ኦልቴ አለው። ጋሽ ደበሌ ብረቱን እያየ ዝም አለ። የሚስቱን ወንድም፣ በሰው ፊት! ኦቦ ገመቹ የዘረጋውን እጅ ሰብስቦ ሄደ።

እንግዶቹ ሲሸኙ ብረቱ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ነበር። ጋሽ ደበሌ እንደገና እንግፈፈው አለ። ሥራ አስኪያጁ ነዳጅ የለም፣ ክሬኑ ለነገ ተይዟል፣ ዝም ብላችሁ ቀቡት አለ። ጋሽ ደበሌ መርጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ «እኔ ዝገት አልቀባም» አለ። እኔም ከጎኑ ቆምኩ። ሁለታችንንም ወደ አዳማ መልሰው ከግቢ ሌሎች አስመጥተው አስቀቡት። ከላዩ ሲታይ የሚያምር ቀለም ሆነ።

ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ የዓለም ጤና ቧንቧ ቀይ ቅርፊት ማውረድ ጀመረ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ፣ ድስት ውስጥ፣ የሕፃን ጡጦ ውስጥ። ታንከሩ ባዶ ሲሆን እኔም ለማየት ገባሁ። ቀለሙ በሉህ በሉህ ተልጧል። በአንድ በኩል ግድግዳው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የተላጠው ቦታ አምስት ጣት አለው፤ የሰው መዳፍ ነው። የማን መዳፍ እንደሆነ እዚያ የነበርነው ሁሉ እናውቃለን። ለአጣሪ ኮሚቴው አሳየኋቸው። አንደኛው ሳቀ። ሌላው፣ እርስዎ የሚጠየቁትን ብቻ ይመልሱ አለኝ፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። በመጨረሻ በባለሙያ ግድየለሽነት ነው አሉ፤ ባለሙያውም ደበሌ ነው ተባለ፣ በዚያ ላይ ሥራ ጥሎ የሄደ። አባረሩት። ኢንጂነር ዮናስ እውነቱን ተከራክሮ ነበር፤ እሱንም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሩት።

ከሥራ መባረሩን ቻለው፤ በየጋራዡ የመኪና አካል እየገፈፈ እንጀራውን በላ። ያልቻለው የአማቶቹን ነው። በዓለም ጤና ገበያ፣ የገመቹ አማች ነው ውሃችንን ያበላሸው ተባለ። ቀድሞም ሰላምታ የነሳ ጥጋበኛ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል ተባለ። በእኛ ዘንድ አማች ሲወቀስ አንገቱን ይደፋል እንጂ አፉን አይከፍትም፤ ጋሽ ደበሌም አንድ ቃል አልተናገረም። ጫልቱ ልናገር ስትለው ከለከላት፤ እኔንም ሳትጠየቂ አትናገሪ አለኝ። ሠርግ ሲጠሩ እሷን ብቻ ይልካል። የሚስቱ እናት ባረፉ ጊዜ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ አስቀበረና ድንኳን ሳይገባ በሚኒባስ ወደ አዳማ ተመለሰ። አማቶቹን ያላስተዛዘነ ሰው! እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ያን ቀን ሥራ አስኪያጁን እንዴት እንደረገምኩት ንስሐ አባቴ ብቻ ያውቃሉ።

ሥራ አስኪያጁ? እሱማ አደገ።

እኔ ታዛዥ ናት ተብዬ ቀረሁ። ጎማውን ይዤ፣ በኋላም ራሴ ካፖ ሆኜ፣ የጋሽ ደበሌን ደንብ እንዳለ ይዤ ሠራሁ፤ ሰላምታውን ጭምር። እትዬ ዘነቡ ትኮራለች ይሉኛል፤ ይበሉ። ጡረታዬ ሲቃረብ ዓለም ጤና አዲስ ታንከር ይሠራ ተባለና የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ሆነ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ወጣት ነው፣ አፉ ጣፋጭ፤ እንግዶች ሊጎበኙ ስለሚመጡ እግረ መንገዳችንን እርስዎንም እዚያው እንሸኝዎት አለኝ። በአንድ ድንኳን ሁለት ድግስ መሆኑ ነው። እሺ ብዬ ቀሚሴን አሰፋሁ።

ልጆቼ፣ በሥራ ያሳደግኳቸውን ማለቴ ነው፣ ማለዳ ጀምረው ገፍፈው ጨርሰዋል። ቀሚሴን ለብሼ ስደርስ ኮምፕረሰሩ ጠፍቷል፣ ሁሉም ቆሟል። ምነው ስል፣ እንግዶቹ እስኪያዩት ይቆይ ተብለናል አሉኝ። ያው ነገር፣ ያው ከተማ፣ ያው ብረት! ነጠላዬን ከውሃ በርሜሉ ነክሬ ገና ባልተገፈፈው የታንከሩ ጀርባ ላይ ሳብ አደረግኩና ቆምኩ። ቶሎ ደረቀ፣ ገና ጊዜ አለን ማለት ነው። ግን ወደ ሐይቁ በኩል አየሁ፤ ደመናው እየመጣ ነው።

ኮምፕረሰሩን አስነሱት አልኩ። ልጆቹ ሥራ አስኪያጁን አዩ። ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ፣ እማማ ዛሬ እኮ የክብር እንግዳ ነዎት፣ ይረፉ አለኝ። አልመለስኩለትም፤ ብረቱ ራቁቱን ነው፣ ሰላምታም መልስም የለም። ሄጄ ራሴ አስነሳሁት። መርጫውን አንስቼ፣ ቀሚሴን በግራ እጄ ሰብስቤ ታንከሩ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ አንዱ ልጅ ፕራይመሩን ሊበጠብጥልኝ መጣ፣ ከዚያ ሁለተኛው ሌላ መርጫ ይዞ ገባ፣ ከዚያ ሁሉም። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ ደሞዝ ይቆረጣል ይላል። የማን ደሞዝ? የእኔ ነገ ያልቃል!

እንግዶቹ ሲደርሱ የመጨረሻዋን ጥግ እየጨረስኩ ነበር። የሚያበራ ነገር አልነበረም፤ ቀይ ግድግዳ ብቻ። ትልቁ እንግዳ ብረቱ የታለ ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት። ከሥሩ ነው ጌታዬ፣ የገፈፍነው ለመታየት ሳይሆን ውሃ እንዲይዝ ነው አልኩት። በእጁ ሊነካው ሲል ገና አልደረቀምና እጅዎን አሉት ልጆቹ፤ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

ከሽማግሌዎቹ መሃል ኦቦ ገመቹ ነበር፤ ሸብቷል፣ ምርኩዝ ይዟል። የፊተኛውስ ለምን ተላጠ ብሎ ጠየቀኝ። ይኼን ጥያቄ በሰው ፊት እስኪጠይቀኝ ስንት ዓመት ጠበቅኩ! መርጫውን አስቀምጬ፣ እጄን በጋዝ ታጥቤ፣ መጀመሪያ ሙሉ ሰላምታውን ሰጠሁት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድንኳኑን፣ ዓሣውን፣ ነፋሱን፣ አምስቱን ጣት። ደበሌ እጅህን ያልጨበጠው ብረትህን ሊያድን ሲል ነው፣ አልቀባም ብሎም ነው የተባረረው አልኩት። እንግዶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

ኦቦ ገመቹ በምርኩዙ ተደግፎ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ታዲያ ደበሌ ለምን አልነገረንም?»

«ማን ጠየቀው?» አልኩ።

በሳምንቱ ኦቦ ገመቹ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ አዳማ፣ ጋሽ ደበሌ ቤት መጣ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፣ አልነበርኩም፤ ጫልቱ ግን ሁለቱም ሲያለቅሱ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ አለችኝ። ከድርጅታችን ግን እስከ ዛሬ የመጣ የለም። ስህተት ነበር ያለ የለም፣ ይቅርታ ያለ የለም። አሁንም እዚያ ግቢ ብረት ሲያበራ ስልክ አውጥተው ፎቶ ያነሳሉ።

አዲሱ ታንከር ሥራ ከጀመረ በኋላ የኦቦ ገመቹ የልጅ ልጅ ተዳረችና ጋሽ ደበሌ ተጠራ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ከድንኳኑ በፊት ማማው ሥር ውሰጂኝ አለኝ። ቀና ብሎ እያሳለ አየው፣ ዞረው። ከዚያ ድንኳን ገብቶ ከአማቶቹ መሃል ተቀመጠ። ጠጅ ቀረበለት፣ ቢራ ቀረበለት፤ አልፈልግም፣ የቧንቧ ውሃ ስጡኝ አለ። ኦቦ ገመቹ ራሱ ተነስቶ ቀድቶ አመጣለት። ጋሽ ደበሌ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ እንደ ልማዱ ከታች ከላይ አየው፣ ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ያየዋል፣ ከዚያ ጠጣው፣ እስከ መጨረሻው።

«ክሎር በዝቶበታል» አለና ብርጭቆውን ለድጋሚ ዘረጋ።